ፍታሌት ተገኘ ሲባል፦ የጤና ስጋቱን ደረጃ በደረጃ መመዘን

የላቦራቶሪ ወረቀት ፊታችሁ ተቀምጧል እንበል። የተመረመረው የሕፃን መጫወቻ ነው። አንዱ መስመር ላይ «ዲኢኤችፒ፦ 0.4 በመቶ» ይላል። ዲኢኤችፒ ፕላስቲክ ከሚያለሰልሱት፣ ፍታሌት ከሚባሉት ኬሚካሎች አንዱ ነው። ይሄ ብዙ ነው ትንሽ? ዕቃው ይሸጥ ወይስ ይጣል? እስከ ዛሬ ሲያኝከው የቆየው ሕፃንስ?

ወረቀቱ የሚናገረው ዕቃው ውስጥ ስላለው ብቻ ነው። ከዕቃው ስንቱ እንደሚወጣ አይናገርም። ከወጣው ስንቱ ሰውነት ውስጥ እንደሚገባም አይናገርም። የገባው መጠን ጉዳት ከሚያደርሰው ምን ያህል እንደሚርቅ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ሕጉ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሕጉን ቁጥር የጤና ቁጥር አድርጎ ይወስደዋል።

አስመጪም ሁኑ አምራች፣ የጥራት ባለሙያም ሁኑ እንዲሁ የሚያሳስባችሁ ወላጅ፣ መንገዱ አንድ ነው። ካልኩሌተር ያዙ። ሂሳቡ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት

ፒቪሲ በባሕርይው ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ቱቦ፣ የዝናብ ልብስ፣ የሽቦ ልባስ ወይም የደም ከረጢት እንዲሆን መለስለስ አለበት። ማለስለሻው ቀለም የሌለው፣ ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ነው። ፍታሌቶች የዚህ ማለስለሻ ትልቁ ቤተሰብ ናቸው። ለስላሳ ፒቪሲ ውስጥ ከክብደቱ ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊደርሱ ይችላሉ። ችግሩ ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል አለመተሳሰራቸው ነው። በፕላስቲኩ የሞለኪውል ሰንሰለቶች መሃል ገብተው ይቀመጣሉ እንጂ አይጣበቁም። ስለዚህ ቀስ እያሉ ይወጣሉ።

የጤናው ጭንቀት በዋናነት የመጣው ከአይጥ ሙከራ ነው። ነፍሰ ጡር አይጥ ከፍተኛ መጠን ሲሰጣት በማኅፀኗ ያለው የወንድ ጽንስ ቴስቶስትሮን ማምረቱ ይቀንሳል። ሲወለድ የዘር ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ ይቀራል፣ የሽንት ቀዳዳው ያለቦታው ይከፈታል፣ በፊንጢጣና በብልቱ መካከል ያለው ርቀት ያጥራል። ተመራማሪዎች ይህን ስብስብ «የፍታሌት ሲንድረም» ይሉታል። በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ምልክት ያዩበት ጊዜ አለ፤ ውጤታቸው ግን ሁሌ አንድ አይደለም። ካንሰርን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ዲኢኤችፒን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» በሚለው ምድብ፣ ማለትም በ2ቢ፣ አስቀምጦታል። ያ ምድብ የማስረጃውን ጥንካሬ የሚናገር እንጂ የአደጋውን መጠን የሚለካ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ስሙን ለዩ

«ፍታሌት» አንድ ነገር አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ስሙን ብቻ ሳይሆን ካስ የሚባለውን የኬሚካል መለያ ቁጥር ፈልጉ። ስሙ ያታልላል፣ ቁጥሩ ግን አያታልልም።

በገበያ ላይ «ዲኦፒ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ዲኢኤችፒ ማለት ነው፤ ቁጥሩ 117-81-7 ነው። ዲኤንኦፒ የሚባለው ሌላ ነው፤ ቁጥሩ 117-84-0። «ዲኦቲፒ» ደግሞ 6422-86-2 ሲሆን ከነጭራሹ የዚህ ቤተሰብ አባል አይደለም። ቴሬፍታሌት ነው፤ የሞለኪውሉ ሁለት ክንዶች የተተከሉት በቀለበት ቅርጹ ተቃራኒ ጫፎች ላይ ነው። ሆርሞን የማወክ ባሕርይ የታየባቸው ክንዶቻቸው ጎን ለጎን የሆኑት፣ ኦርቶ የሚባሉት ናቸው። አንዲት «ቲ» ተዘላ አንድ ሙሉ ጭነት ሲታገድ አስቡት።

በነገራችን ላይ የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ስሙ ውስጥ «ቴሬፍታሌት» ስላለ ብዙ ሰው ይደነግጣል። እሱ ማለስለሻ አይደለም፤ ራሱ ፕላስቲኩ ነው።

ከኦርቶዎቹም ሁሉም እኩል አይደሉም። በአይጥ ሙከራ ወንዴ ሆርሞንን የሚያውኩት የክንዶቻቸው ሰንሰለት መካከለኛ ርዝመት ያለው ናቸው፦ ዲቢፒ፣ ዲአይቢፒ፣ ቢቢፒ፣ ዲኢኤችፒ፤ ደከም ባለ ሁኔታ ደግሞ ዲአይኤንፒ። በሽቶ ውስጥ የሚገባው ዲኢፒ ሰንሰለቱ አጭር ነው፤ በዚህ በኩል ያንን ውጤት አላሳየም።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

መጀመሪያ መለኪያውን አስተካክሉ። የብዙ ሕጎች ጣሪያ የሆነው 0.1 በመቶ ማለት በኪሎ 1000 ሚሊግራም ነው። የእኛ 0.4 በመቶ ደግሞ 4000 ሚሊግራም ይሆናል። አንዳንዱ ላቦራቶሪ በመቶኛ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በሚሊግራም። ሁለቱን አምታቶ የፈረመ ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ቁጥሩን እንደ መርማሪ እዩት። በ0.4 በመቶ ፒቪሲን ማለስለስ አይቻልም። ማንም አምራች አስቦ ይህን ያህል አይጨምርም። ስለዚህ ይህ ዕቃ በሌላ ነገር ነው የለሰለሰው። ዲኢኤችፒው የገባው በስህተት ነው፤ ወይ እንደገና ከተቀለጠ አሮጌ ፕላስቲክ፣ ወይ ካልጸዳ ማሽን፣ ወይ ከቀለም ማሟሟያ። ውጤቱ 28 በመቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር፤ እሱ ሆን ተብሎ የገባ ነው። ከአቅራቢው ጋር የምታደርጉት ንግግር በዚህ ይለያያል።

ከዚያ የምርመራውን ጥራት ጠይቁ። ሦስት ነገር ይበቃል።

የትኛው ክፍል ነው የተመረመረው? አሻንጉሊቱ ሙሉ በሙሉ ተፈጭቶ ከሆነ የለስላሳው ጭንቅላት ፍታሌት በደረቁ ገላ ተቀጥኖ ይታያል። እያንዳንዱ የለሰለሰ ክፍል ለብቻው መመርመር አለበት።

በምን መሣሪያ? በኢንፍራሬድ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ብዙ መጠን ሲኖር ያያል፤ ዝቅተኛው ግን ያመልጠዋል። 0.1 በመቶ አካባቢ ለመፍረድ ኬሚካሎቹን አንድ በአንድ ለይቶ የሚመዝነው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ያስፈልጋል።

ባዶ ናሙና ተመርምሯል? ፍታሌት በየቦታው አለ። በጓንት፣ በቱቦ፣ በማሟሟያ ፈሳሹ፣ በላቦራቶሪው አቧራ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ምንም ያልተጨመረበት ናሙና በትይዩ ካልተመረመረ ዝቅተኛ ውጤቶች ከዕቃው ይምጡ ከላቦራቶሪው አይታወቅም። ይህን ስጠይቅ ፊቱን የሚያጠቁር ላቦራቶሪ ካጋጠመኝ ሌላ እፈልጋለሁ።

ሽታ ግን መመርመሪያ አይደለም። የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ከሌሎች ነገሮች ነው የሚመጣው፤ እነዚህ ማለስለሻዎች ራሳቸው ሽታ የላቸውም ማለት ይቻላል። የመዳብ ሽቦ አግሎ ፕላስቲኩን በእሳት መንካትም ቤት ውስጥ አትሞክሩት። አረንጓዴ ነበልባሉ ክሎሪን መኖሩን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ጭሱ ደግሞ አሲድ ነው።

ደረጃ 3፦ ስንቱ ይወጣል፣ በየት በኩል?

አራት ነገር ይወስነዋል፦ ስብ፣ ሙቀት፣ ጊዜና የሚነካው ስፋት። ዲኢኤችፒ ውሃን ይሸሻል፣ ዘይትን ይወዳል። ለስላሳ ፒቪሲ ውስጥ የተቀመጠ ውሃና የተቀመጠ ዘይት አይወዳደሩም። ጃፓን ይህን በተግባር አየችው። 2000 ላይ ተዘጋጅተው የሚሸጡ ምግቦች ውስጥ ከፍ ያለ ዲኢኤችፒ ተገኘ፤ ምንጩ ምግቡን ሲያዘጋጁ ያጠለቁት የፒቪሲ ጓንት ሆኖ ተገኘ። ጓንቶቹ ለምግብ ሥራ ተከለከሉ። ንጽሕና ለመጠበቅ የገባው ነገር ነበር የሚበክለው!

አንዳንዴ ደግሞ ከዕቃ ወደ ምግብ የሚደረገው ጉዞ ጭራሽ አያስፈልግም። 2011 ላይ ታይዋን ውስጥ ዲኢኤችፒ በቀጥታ መጠጥና የምግብ ተጨማሪ ውስጥ ተገኘ። መጠጥ ደብዘዝ ብሎ እንዲታይ የሚያደርገውን የዘይት ግብዓት በርካሹ ማለስለሻ ተክተውት ነበር።

ስለዚህ መንገዶቹን ዘርዝሩ። ለአብዛኛው ሰው ዋናው መንገድ ምግብ ነው። ለሕፃን ደግሞ የሚያኝከው ዕቃና ከወለል በእጁ አፉ የሚያደርሰው አቧራ ይጨመራል። ቆዳ ያነሰ ያሳልፋል፤ ለቅባትና ለጥፍር ቀለም ግን ከዝርዝሩ አታውጡት። ለሠራተኛ የሚያሳስበው ትንፋሽ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጥር 2025 ላይ ስለ ዲአይኤንፒ ባወጣው ግምገማ ተገቢ ያልሆነ ስጋት ያገኘው ተጠቃሚው ላይ አልነበረም፤ ዲአይኤንፒ የያዘ ማጣበቂያ፣ ስንጥቅ መድፈኛ፣ ቀለምና ልባስ እየረጨ የሚሠራው ሠራተኛ ላይ ነበር።

ሕክምና ለብቻው የሚታይ ነው። በደም ከረጢትና በቱቦ የሚገባ ዲኢኤችፒ በቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 2002 ላይ ያስጠነቀቀው በተለይ ስለ ወንድ ጨቅላ ሕፃናት፣ ወንድ ጽንስ ስለተሸከሙ እናቶችና ለአቅመ አዳም እየደረሱ ስላሉ ወንዶች ነበር። ነገር ግን ያው ዲኢኤችፒ የተከማቸ ደም ቀይ ሕዋሳት እንዳይፈነዱ ይጠብቃል። በዚህ ፈርቶ ሕክምና መተው ትልቅ ስህተት ነው። አማራጭ ቱቦ አለ ወይ ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ግን ይቻላል።

ደረጃ 4፦ የማነጻጸሪያውን ቁጥር ምረጡ

ይህ ቁጥር «በየቀኑ ዕድሜ ልክ ቢወሰድ ጉዳት አይጠበቅም» የሚባለው መጠን ነው፤ በሰውነት ክብደት በኪሎ ይሰላል። ከየት እንደመጣ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ያለዚያ እንደ ሰማይ ትእዛዝ ይታያል።

የአውሮፓው ለዲኢኤችፒ የተሰላው እንዲህ ነው። አይጦች በቀን በኪሎ 4.8 ሚሊግራም ሲወስዱ የዘር ፍሬያቸው ላይ ጉዳት አልታየም። ሰው ከአይጥ ይበልጥ ስስ ሊሆን ስለሚችል በ10፣ ሰውም ከሰው ስለሚለያይ በሌላ 10 ተካፈለ። 50 ማይክሮግራም አካባቢ ሆነ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አሮጌ ቁጥር ደግሞ 20 ማይክሮግራም ነው። እሱ የተነሳው ከሌላ እንስሳና ከሌላ አካል ነው፦ በቀን በኪሎ 19 ሚሊግራም በወሰዱ የጊኒ አሳማዎች ላይ ከታየ የጉበት ክብደት መጨመር። ጉዳት ከታየበት መጠን ስለተነሳ በ1000 ተካፈለ።

50 እና 20። አንዱ ውሸታም፣ ሌላው ሐቀኛ ሆኖ አይደለም። የተለያየ እንስሳ፣ የተለያየ ጉዳት፣ የተለያየ ማካፈያ ነው። እኔ በሁለቱም አሰላለሁ። መልሱ በሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ደረጃ 5፦ ደምሩ

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ፍታሌት ለብቻው ይመዘን ነበር። ነገር ግን ያው ጽንስ፣ በያው ቀን፣ አምስት ዓይነት ይደርሰዋል፤ ሁሉም የሚመቱት ያንኑ ቴስቶስትሮን ነው። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም «ይለፉ» ይባላሉ፣ ድምራቸውን ያየ ግን የለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2014 ሪፖርቱ በድምር መዘነ። የአውሮፓ ምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም 2019 ላይ ለዲቢፒ፣ ለቢቢፒ፣ ለዲኢኤችፒና ለዲአይኤንፒ አንድ የጋራ ጣሪያ አወጣ፦ በቀን በኪሎ 50 ማይክሮግራም። ጊዜያዊ ብሎታል።

ለመደመር ሁሉም ወደ ዲኢኤችፒ ይመነዘራሉ። ምንዛሪው፦ ዲኢኤችፒ 1፣ ዲቢፒ 5፣ ቢቢፒ 0.1፣ ዲአይኤንፒ 0.3።

እናስላ። ከምንዛሪዎቹና ከጣሪያዎቹ በቀር ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ያወጣኋቸው ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ተኩዋቸው። የሕፃኑ ክብደት 9 ኪሎ ነው። ላቦራቶሪው በሰው ሠራሽ ምራቅ ሲፈትነው መጫወቻው በየደቂቃው 0.3 ማይክሮግራም ይለቃል። ሕፃኑ በቀን 60 ደቂቃ ያኝከዋል። 0.3 ሲባዛ በ60፣ 18 ማይክሮግራም። ሁሉም ሰውነቱ ውስጥ ገባ ብለን እንውሰድ፤ ሲጠራጠሩ ወደ ጥንቃቄው ማዘንበል ነው ደንቡ። 18 ሲካፈል ለ9፣ 2 ማይክሮግራም በኪሎ።

2 ለ50 ሲካፈል 0.04 ነው። ለ20 ቢካፈልም 0.1። ሁለቱም ከ1 በታች ናቸው፤ መጫወቻው ለብቻው ስጋት አይመስልም።

አሁን ሌላውን ጨምሩ። ከምግብና ከአቧራ፣ በቀን በኪሎ በማይክሮግራም ሲለካ፣ ዲኢኤችፒ 4፣ ዲቢፒ 2፣ ቢቢፒ 1፣ ዲአይኤንፒ 5 ይደርሰዋል እንበል። ሲመነዘሩ 4፣ 10፣ 0.1 እና 1.5 ይሆናሉ። ከመጫወቻው 2 ጋር 17.6። ለ50 ሲካፈል 0.35። አሁንም ከ1 በታች ነው። ግን ማን እንደሚመራ ተመልከቱ፦ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዲቢፒ ነው። ሁላችንም መጫወቻው ላይ አፍጥጠን ዋናው ነገር በሌላ በር ገብቷል። ድምሩ ከ1 ቢያልፍም ሕፃኑ ታመመ ማለት አይደለም፤ የጥንቃቄው ትራስ መሳሳት ጀመረ ማለት ነው። መቀነስ ያለበት መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ግን ዝርዝሩ ነግሯችኋል።

በሽንት ምርመራ ማረጋገጥ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ግን ለብዙ ሰው ጥናት እንጂ ለአንድ ሰው ፍርድ እምብዛም አይሆንም። ሰውነት ፍታሌቶችን በሰዓታት ውስጥ ሰባብሮ በሽንት ያስወጣቸዋል፤ አብዛኛው በአንድ ቀን ይወጣል። አንድ ብልቃጥ ሽንት የሚናገረው ስለ ትናንት ነው።

ደረጃ 6፦ ሕጉን ለብቻው እዩ

0.1 በመቶ የተባለው ጣሪያ «እስከዚህ ድረስ ጤናማ ነው» የሚል ትርጉም የለውም። ማለስለሻ ሆኖ እንዳይገባ የሚዘጋ፣ በላቦራቶሪም በቀላሉ የሚለካ መስመር ነው። ስለዚህ ስሌቱ 0.04 ቢያወጣም የእኛ 0.4 በመቶ መጫወቻ ሕግ ላይ ወድቋል። «ግን እኮ አይጎዳም» የሚል ክርክር ጉምሩክ ላይ አያዋጣም።

አሜሪካ 2008 ላይ ዲኢኤችፒን፣ ዲቢፒንና ቢቢፒን ከ0.1 በመቶ በላይ በልጆች መጫወቻና በሕፃን መንከባከቢያ ዕቃ ውስጥ ከለከለች። ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ዝርዝሩ 8 ሆነ፤ ዲአይኤንፒና ዲአይቢፒ ከገቡት ውስጥ ናቸው። በዚያው ውሳኔ በጊዜያዊነት ታግደው የነበሩት ዲአይዲፒና ዲኤንኦፒ ተለቀቁ። የአውሮፓ ኅብረት ግን ሁለቱን፣ ከዲአይኤንፒ ጋር፣ አፍ ውስጥ ሊገቡ በሚችሉ የልጆች ዕቃዎች አሁንም ይከለክላል። ዲኢኤችፒን፣ ዲቢፒን፣ ቢቢፒንና ዲአይቢፒን ደግሞ ከሐምሌ 2020 ወዲህ ከመጫወቻ አልፎ በአብዛኛው የሸማች ዕቃ ላይ ገድቧል።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። አሜሪካ 0.1 በመቶውን የምትለካው ለእያንዳንዱ ፍታሌት ለብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የሸማች ዕቃዎች ሕግ ግን አራቱ ተደምረው ነው። 0.06 ዲኢኤችፒና 0.06 ዲቢፒ ያለበት መጫወቻ አንዱ ጋ ያልፋል፣ ሌላው ጋ ይወድቃል። በኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚሠራው የአውሮፓ መመሪያ ደግሞ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ አራቱን ለየብቻ ይለካል።

የምግብ መያዣ ከሆነ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የሚለካው ዕቃው ውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን ወደ ምግቡ የሚያልፈው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ለዲኢኤችፒ የነበረው 1.5 ሚሊግራም በኪሎ ምግብ፣ በ2023 ማሻሻያ ወደ 0.6 ወርዷል። ፋይላችሁ ውስጥ 1.5 የሚል አሮጌ ወረቀት ካለ አውጡት።

ደረጃ 7፦ አሁን ምን ይደረግ?

ለአቅራቢው የምትጽፉት ደብዳቤ አጭር ይሁን። ዋናው ማለስለሻ ምንድን ነው፣ ከካስ ቁጥሩ ጋር? እንደገና የተቀለጠ ፕላስቲክ ገብቷል? በዚያው ማሽን ከዚህ በፊት ምን ተሠራ? «ከፍታሌት ነፃ» የሚል ማኅተም ለእነዚህ መልስ አይሆንም። ማሽኑ ከጸዳ በኋላ የተሠራውን እንደገና አስመርምሩ፤ ናሙናውን ራሳችሁ ምረጡ እንጂ እሱ መርጦ አይላክላችሁ።

የምትክ ጥያቄም አለ። ዲኦቲፒ፣ ዲንች የሚባለው ማለስለሻና ሲትሬቶች በብዛት ይተካሉ፤ በሙከራ የታየው ውጤታቸው የተሻለ ነው። እነሱም ከፕላስቲኩ ጋር ስለማይተሳሰሩ ይወጣሉ፤ ከደረጃ 3 ጀምሮ ያለውን ሂሳብ ለእነሱም ሥሩላቸው። ከተቻለ ማለስለሻ የማይፈልግ ነገር መምረጥ ይቀላል፦ ፖሊኢትሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ሲሊኮን።

ቤት ውስጥ ላላችሁ፣ ትኩስና ቅባት ያለውን ምግብ ከለስላሳ ፒቪሲ አርቁ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከማቡነን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። የሕፃኑን እጅ ከምግብ በፊት አጥቡ። ከታላላቆቹ የወረደ፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ለስላሳ አሻንጉሊት አፍ ውስጥ አይግባ። እንዲህ ያለው አሮጌ ዕቃ 0.4 ሳይሆን 30 በመቶ ሊኖረው ይችላል።

የመጀመሪያው ወረቀትስ? ያ መጫወቻ አይሸጥም፤ ሕጉ ዘግቶታል። ከሕፃኑም ይወሰድ። ሕፃኑን ግን ለዚህ ብላችሁ ይዛችሁ ወደ ሐኪም አትሮጡ። የዋጠው ትንሽ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ወጥቷል።